ከወሯ በፊት የምትነሣ መኪና

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ራሳችሁ ደርሳችሁበት ከምትታዘቡኝ እኔው ብናዘዝ ይሻላል። መዶሻ ጣቴን ቢመታኝ መዶሻውን የምሰድብ፣ ሚስማር ቢጣመምብኝ ሚስማሩን ከነዘር ማንዘሩ የምረግም ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው መኪና ልሥራ ብሎ መነሣት አልነበረበትም። ተነሣሁ እንጂ! በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ፣ ከገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጬ ሳላውቅ።

ሥራዬ አስተማሪነት ነበር፤ የእጅ ሥራ ነበር የማስተምረው። በርጩማ፣ ጠረጴዛ፣ የመስኮት መቃን፣ ይኸው ነው። ከእንጨት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። መኪና ያማረኝ ለታይታ መስሎት የሳቀብኝ ሰው ብዙ ነው። ይሳቅ። እኔ መኪና የፈለግሁት ሚስቴ ስትወልድ እንዳትሞትብኝ፣ የምትወልደውም እንዳይሞትብን ነው። ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። ምጡ የያዛት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት አንዴ ይነሣል፤ እሱ ካለፈ አለፈ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዷን ዳሰሰና «ሕፃኑ አልተስተካከለም፤ ጎንደር አድርሷት» አለኝ። የዚያን ለታ እህል የጫነ መኪና ከገበያው ዳር ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፣ «ከጆንያው ላይ ፍራሽ አንጥፉላትና ልውሰዳት» አለ። እምቢ ያለችው እናቴ ናት። «ምጥ የያዛትን ሴት ከጆንያ ላይ? በዚህ ኮረኮንች ተንገጫግጫ ከሜዳ ልትወልድ? ማርያም በሰላም ትፈታታለች፤ እስከ ነገ አውቶቡስ ታገሡ» አለች። እናቴ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ስታዋልድ የኖረች ናት፤ ቃሏ ይከበራል። ግን ሾፌሩን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሂድ በቃ» ብዬ ያሰናበትሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ። በማግስቱ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ልጃችን ሞቶ ተወልዶ ነበር።

ስለዚህ ሚስቴ ዳግመኛ ማርገዟን ስትነግረኝ ደስታው ሳይደርስ ፍርሃቱ ቀደመ። «ለምን አስቀድማችሁ ጎንደር ገብታችሁ አትጠብቁም ነበር?» የሚለኝ ሰው ዛሬም አለ። ጎንደር ዘመድ የለንም። በአስተማሪ ደመወዝ ቤት ተከራይቶ መክረም አይታሰብም። ደግሞ ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከአገር አገር መሄድ አይቻልም፤ ወረቀቱ የሚሰጠው ለተቆጠረ ቀን ነው፤ ምጥ ደግሞ ወረቀት አያነብም። ሚስቴም «ከማላውቀው ሰው ደጅ ተቀምጬ ቀን አልቆጥርም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እሷ ቁርጡን ከተናገረች በኋላ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በሯችን ላይ የቆመ፣ በፈለግነው ሰዓት የሚነሣ መኪና ያስፈልገናል አልሁ። እስከ ወሯ ድረስ። አለቀ።

ያኔ ነው ስለ ጂፑ የሰማሁት። ሊማሊሞ ላይ፣ ከጠመዝማዛዎቹ አንዱ ዘንድ፣ የተገለበጠ አሮጌ ጂፕ ነበር። ሾፌሩ ዘሎ ተርፏል፤ ጂፑ ግን ጣራው ከወንበሩ ተጣብቆ፣ በሮቹ ተጨማደው፣ ሁለት ክረምት ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል። ባለንብረቱ መሥሪያ ቤት አሮጌ ብረት ብሎ በጨረታ ሲያወጣው ከእኔ በቀር የቀረበ ሰው አልነበረም። አንዲቱን ላሜን ሸጬ ገዛሁት። እናቴ ላሟ ስትነዳ ቆማ አየችና «ወተት ሰጥቶ ብረት!» አለች። ለምን እንደሆነ ግን ታውቅ ነበርና ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ጂፑን ያወጣነው በደቦ ነው። ሰፈሩ ለአጨዳ እንደሚወጣው ገመድና ሰንሰለቱን ይዞ ወጣ። ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ከፊት ጎተተ፣ እኛ ከኋላ ገፋን፣ ጠላውን እናቴ ጠምቃ ነበር። ደቦ የወጣ ሰው ደግሞ ምክር መስጠት መብቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢዬ ሸንጎ ሆነ። በግራ በኩል የገፋው «መሪውን ወደ መሀል ብታመጣው ለሁለቱም ወገን ይቀርብ ነበር» ይለኛል። በቀኝ በኩል የገፋው «ሁለት ጎማ ብትጨምርበት ምን አለ?» ይለኛል። አንዱማ ሊማሊሞ ላይ ገመዱን የያዘው እሱ ስለነበር ብቻ ከፊት ወንበር ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ወስኗል። እሽ፣ እሽ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይነዳል።

የተጨማደደውን ቆርቆሮ ሁሉ ገፍፌ ጣልሁት። የቀረኝ ሻንሲው፣ ማለት ሁሉ ነገር የሚታሰርበት የብረት አጥንቱ፣ ሞተሩ፣ መሪውና አራቱ ጎማ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አካል ላበጅ ነው፤ ከእንጨትና ከተዘረጋ በርሜል። «በርጩማ የሠራ እጅ ይህ ያቅተዋል?» አልሁ ለራሴ። አቤት ድፍረት!

ቤት እንደሚሠራ ነው የሠራሁት፤ ሌላ የማውቀው የለማ። በአራቱ ማዕዘን ምሰሶ አቆምሁ፣ ከላይ ወጋግራ ጣልሁ፣ ጣራውን የቤት ቆርቆሮ መታሁበት። በሮቹን ከጥድ ሳንቃ ጠርቤ በማጠፊያ ሰቀልሁ፤ መቀርቀሪያም አበጀሁላቸው። ከኋላ ሚስቴ ተንጋልላ እንድትሄድ የጠፍር አልጋ ቆርጬ አስገባሁ። ጎረቤቱ ከአጥሩ በላይ አንገቱን እያሰገገ «ሌላው ሰው ጎጆ ይወጣል፣ ይኸ ጎጆውን ይዞ ሊወጣ ነው!» ይላል። ይበል። ሁለት ወር ጠረብሁ፣ ላግሁ፣ መታሁ። የመጨረሻዋን ሚስማር መትቼ ራቅ ብዬ ሳያት መኪናዋ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከጎማው በላይ ክብደቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት ተለጥጦ ወደ ታች ዘምሟል።

የዚያን ለታ መጥረቢያ ይዤ ነበር። ሚስቴ ባትይዘኝ ኖሮ እዚያው ፈልጬ ማገዶ አደርጋት ነበር። «አራተኛ ወሬን ጨርሻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ከምትፈልጣት የሚያውቅ ሰው ጥራላት።»

የሚያውቅ ሰው የነበረው ዳባት ነው። የዳባቱ መካኒክ በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ጋራዥ ሙያ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው። ነገር አያበዙም። መጡና መኪናዋን አንዴ ዞሯት፤ ጣራውን በጣታቸው አንኳኩ፤ መቀርቀሪያውን ከፈቱ፣ ዘጉ።

«አስተማሪ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ቤቱ ጥሩ ነው። ማን ይገባበታል?»

እንዲያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ግማሹን አፍርሰው» አሉ። «ጣራው ሸራ ይሁን። በሩ ይቅር፤ ገመድ ይበቃል። መኪና የሚሄደው በቀለለ መጠን ነው።» ሁለት ወር የለፋሁበትን በሁለት ቀን አፈረስሁት። እያንዳንዷን ሚስማር ስነቅል የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ መሀል ቀበሌ ጠራኝ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዘርግቶ «ጓድ አስተማሪ፣ ከግቢህ ያለው ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

«መኪና ነው።»

«ይነሣል?»

«ገና አልተነሣም።»

«ካልተነሣ መኪና ነው ለማለት ይቸግራል። መኪና ካልሆነ ደግሞ የቤንዚን ኩፖን አይሰጠውም።»

«ቤንዚን ሳያገኝ በምን ይነሣል?»

«እሱ እንግዲህ የአንተ ጥረት ነው፣ ጓድ።»

ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ። ሂድ ሲሉኝ ሄድሁ፣ ና ሲሉኝ መጣሁ፣ በስብሰባ ላይ አጨበጨብሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ የዳባቱ መካኒክ ከራሳቸው ድርሻ እየቀነሱ በጀሪካን፣ በአውቶቡስ ጣራ፣ ቤንዚን ይልኩልኝ ጀመር። ከእንግዲህ ለእኚህ ሰው ምን ብዬ እንደመለስሁላቸው ስትሰሙ ፍረዱብኝ።

መኪናዋ መጀመሪያ የተነሣችው ሚስቴ ሰባተኛ ወሯን በጨረሰች በሳምንቱ ነው። መካኒኩ ከፊት ሆነው ማኒቬላውን፣ ያንን የሚዞረውን ብረት፣ ሦስት ጊዜ አዞሩት። በሦስተኛው ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ። አቤት! ዶሮው ሁሉ ተበተነ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከቤት ገብታ የማርያምን ጠበል ይዛ ወጣችና ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ረጨቻት። መካኒኩ እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። መኪናዋን ከግቢ አውጥተን እስከ ገበያው ነድተን ተመለስን፤ ለሁለት ቀንም መንዳት አስተማሩኝ። መንጃ ፈቃድ ነበረህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በተነሣችበት ዕለት ማታ እናቴ መኪናዋን እየዞረች ስትመረምር አገኘኋት። «ምግቧ በየት ነው የሚገባላት?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋት፤ ቤንዚኑ የሚቀመጥበት ሰርባቶዮ ይሄ ነው፣ ሆዷ ማለት ነው አልኋት። «እሰይ» አለች። ክዳኑን ራሷ ደግማ ገጠመችውና አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ማስታወስ ራሱ ደሜን ያፈላዋል። መኪናዋ በሁለተኛው ቀን አንገራገረች። በሦስተኛው ቀን ትነሣና ከበር ሳትደርስ ትጠፋለች። በአምስተኛው ቀን ጭራሽ እምቢ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቼ ጠረግሁ፣ ገጠምሁ። ባትሪውን ተሸክሜ ሄጄ አስሞላሁ፣ ተሸክሜ መጣሁ። ክንዴ እስኪዝል ማኒቬላ አዞርሁ፤ አንድ ቀን ተመልሶ አንጓዬን መታኝና ለሁለት ቀን ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ተማሪዎቼ በግራ እጄ ስጽፍ አይተው ሲሳሳቁ ክፍሉን በሙሉ ከውጭ አንበረከክሁት። ምን አጠፉ? ምንም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የሚስቴ ዝምታ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ትቀመጥና እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ብትነዘንዘኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን «ምን ታዪያለሽ?» ብዬ ጮህሁባት።

«ይራገጣል» አለችኝ። «ያኛው በዚህ ጊዜ እንዲህ አይራገጥም ነበር።»

ተመልሼ ከሞተሩ ውስጥ ገባሁ።

መካኒኩ ጥሪዬን ሰምተው በአውቶቡስ መጡ። ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበትን ካርቡራቶር ፈቱና ውስጡ የነበረውን በብርጭቆ ገለበጡት። ብርጭቆውን ለፀሐይ ሲይዙት ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ጥርት ያለ ነገር ተኝቷል። «ውሃ ነው» አሉኝ። «ቤንዚንህ ውሃ አለበት።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ውሃው ከየት መጣ?» ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ያሰብሁት «ቤንዚኑ ከማን መጣ?» ብዬ ነው። «ጀሪካኑ የሚመጣው ከእርስዎ ነው» አልኋቸው።

«አዎ፣ ከእኔ ነው።»

«እንግዲያ ጀሪካኑ ሲጎድል በምን እንደሚሞላ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ አንድ በአንድ፣ ጣታቸውን ሁሉ። «በዚህ ሽበቴ?» አሉ። መፍቻዎቻቸውን ሰብስበው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። «የመጣሁት ለሚስትህ ብዬ ነበር» አሉና ወጡ። የመመለሻ አውቶቡስ አልነበረም፤ በእግራቸው ወደ ዳባት መንገድ ሲያዘግሙ ከአጥሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው። አልጠራኋቸውም። እውነተኛ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ሰርባቶዮውን ሙሉ በሙሉ አራግፌ ከሌላ ሰው ያገኘሁትን ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁበት። ተነሣች! «ይኸው!» አልሁ፤ «ሌባው ታወቀ!» በማግስቱ ጠዋት ሞተች። ከካርቡራቶሩ እንደገና ውሃ። ኧረ በማርያም! ሰማይ ጥርት ያለ በጋ ነው፣ በሸራ ተሸፍናለች፣ ግቢው ይቆለፋል። አበድሁ። ጎረቤቱን ጠረጠርሁ፣ ጤዛውን ጠረጠርሁ፣ ሊቀመንበሩን ጠረጠርሁ። ሚስቴ ደግሞ ስምንተኛ ወሯን እያገባደደች ነው።

በመጨረሻ ሰርባቶዮው ከታች በኩል ተሰንጥቆ እንደሆነ ልይ ብዬ በጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ፣ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ተንጋለልሁ። ትንሽ እንደቆየሁ እርምጃ ሰማሁ። የእናቴ ኮንጎ ጫማ መጥቶ ከራሴ አጠገብ ቆመ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች በሹክሹክታ። ክዳኑ ሲፈታ ሰማሁ። ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ። አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች።

እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። እናቴ የጣሳ ኩባያ ይዛ ቆማለች።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«አስደነገጥኸኝ! ጠበል ነው እንጂ፣ የማርያም ጠበል። እህል ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆዷ ይሻላታል ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያን ለታ ከተነሣች ጀምሮ ነዋ። ከውጭ ብቻ ነበር የረጨናት። ሰው ቢሆን ተጠምቆ ብቻ ይድናል? ይጠጣል እንጂ። አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ሰጠኋት። ጭራሽ ሲብስባት ጊዜ ደገምሁላት። ይኸ ሦስተኛው ነው፤ ዛሬ ትጨርሳለች።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያኛው ሕፃን እንደሆነ በእኔ ምክር ነው የቀረው» አለች። «ይኸኛው እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ዛሬ ይህን ለሰው ሳወራው ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው የማወራው። ቀጥሎ ያለውን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

እናቴ ራሷ «በእኔ ምክር ነው የቀረው» ብላኝ ሳለ፣ ለዓመታት ማንም ያልወቀሳትን ራሷ ተናዝዛ ሳለ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ «መኪናውን ያሰናበትሁት እኔ ነኝ» ማለት። እውነቱም እሱ ነበር። እኔ ግን የሦስት ሳምንቱን፣ የስድስት ወሩን፣ የቀበሌውን፣ የአንጓዬን ሕመም ሁሉ ሰብስቤ እሷ ላይ ደፋሁት። «የመጀመሪያ ልጄን ገደልሽ!» አልኋት። «አልበቃሽም? ይኸኛውንም ልትገድዪ ነው? እጅሽ የነካው ነገር ሁሉ ይሞታል!»

እሷ ክዳኑን አዙራ አጥብቃ ገጠመችው። ኩባያውን ይዛ ወደ ቤት ስትገባ ሚስቴ ከበሩ ላይ ቆማለች፤ ሰምታለች። አሳለፈቻትና ወደ እኔ መጣች። «ምላስህ ይቆረጥ» አለችኝ።

ሰርባቶዮውን አውርጄ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ የቤንዚኑን ቧንቧ በአፌ እየነፋሁ አጸዳሁ። በማግስቱ ማኒቬላውን አንድ ጊዜ ባዞረው ተነሣች። እልል ያለ ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ አስነሣታለሁ፣ ታጓራለች፣ አጠፋታለሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ በመኪናዋ በኩል አታልፍም፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ በጓሮ ዞራ ነው። አኩርፋ ነው አልሁ። ያልፍላታል አልሁ።

ምጡ የመጣው በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል። ሚስቴን ደግፋ ወደ መኪናዋ ያመጣቻት የጎረቤት ሴት ናት፤ አብራንም ተሳፈረች። እናቴ ከደጃፉ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። «ነይ እንጂ!» አልኋት። «ቤቱን ማን ያየዋል?» አለች። ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም፤ ነዳሁ።

የመንገዱን ነገር ምን ልበላችሁ። ኬላ ላይ ወታደሩ መኪናዋን ሲያይ ጠመንጃውን ረስቶ «ይኸ ምንድን ነው?» አለኝ። ሚስቴ ከኋላ ስትጮህ ሰምቶ ገመዱን ወዲያው አነሣው። ዳባት መግቢያ ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ አሳለ፣ ቀጥ አለ። ከቧንቧው ጥግ የቀረች ጠብታ ነበረች መሰለኝ። በዚያች ከተማ የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሳቸውንም ሌባ ብያቸዋለሁ። ሮጥሁ። ከእግራቸው ልወድቅ ስል ይዘው አቆሙኝ፤ ሚስቴ ወዴት እንዳለች ብቻ ጠየቁኝ።

ካርቡራቶሩን እንደፈቱ፣ በአፋቸው እየነፉ፣ «ውሃው ከየት ኖሯል?» አሉኝ።

«እናቴ ጠበል ስታጠጣት ነበር፣ ጋሼ።»

እጃቸው ቆመ። «የየትኛው ደብር?»

«የማርያም።»

«እንግዲያስ በሰላም ትገባላችሁ» አሉና ብሎኑን አጠበቁ። ለሚስቴ «በርቺ ልጄ» አሏት። ለእኔ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ አልተቀየምኋቸውም።

ጎንደር ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ሴት ልጅ ተወለደች። አለቀሰች! ከኮሪደሩ ሆኜ ስትጮህ ስሰማ ግንቡን ተደግፌ ተቀመጥሁ። ሚስቴም ዳነች።

ስንመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ይቅርታ ነበር። የነፍስ አባታችንንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ከእናቴ ፊት ተንበረከክሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ሲያስታርቅ አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ቶሎ የታረቀ ሰው አላየሁም። «ኧረ ተነሥ፣ ልጄ! ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ ድንጋዩን ራሷ አወረደችልኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። ቀለለኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ፤ ቁጡ ሰው እንዲህ ነው፣ እሱ ሲበርድለት ሁሉም የበረደለት ይመስለዋል።

አራስ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እናቴ ናት። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ እሳቱን አታጠፋም። ሕፃኗን የምታጥባትና የምታሻት ግን ያቺ የጎረቤት ሴት ነበረች። እናቴ አርጅታለች፣ ወገቧን ያማታል፣ ብለን አለፍነው።

ሕፃኗ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት መኪናዋን ከደጃፉ አስነሥቼ ቆምሁ። ሚስቴ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች፤ እግሯን ለማንሣት ስለተቸገረች ከጎኗ ለቆመችው ለእናቴ ዘረጋችላት። «እስክሳፈር ያዢልኝ» አለቻት።

እናቴ ወደ ኋላ ራቀች። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ለአባቷ ስጫት» አለች። «የእኔ እጅ አይንካት።»

«ምን ነካሽ?» አለቻት ሚስቴ፤ «የልጅሽ ልጅ አይደለችም?»

«ናት እንጂ። ስለዚህ ነው» አለች እናቴ። ቂም አልነበረባትም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። «የነካሁት አይበረክትም። አሁንስ አውቄዋለሁ።»

ሰማንያ ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አቅፋት እንደማታውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ይቅር ብላኛለች፤ ያልኋትን ግን አምናው ኖሯል።